አውቶማቲክ መኪና ቤት ሲጎትት

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር፣ ቡልሄድ ሲቲ የምትባል ሞቃት ከተማ አለች። ከእሷ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው 68 ቁጥር አውራ ጎዳና 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ መኪናው ጫፉ ላይ ሲደርስ ከተነሳበት ቦታ 900 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ዳገቱ በአቅራቢያው ባለው ግድብ ስም «ዴቪስ ዳም» ይባላል። አምራቾች አዲስ መኪና ይህን ያህል ኪሎ ይጎትታል ብለው ከመጻፋቸው በፊት የሚፈትኑበት ቦታ ነው። ከመኪናው ኋላ ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ ይታሰራል፤ አየሩ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት፤ የመኪናው አየር ማቀዝቀዣም እስከ መጨረሻው ይከፈታል። እንዲህ ሆኖ ሲወጣ የአንድ ተራ ፒክአፕ ፍጥነት በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። መንገድ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ወይም አንድ ዕቃ ከተበላሸ ወድቋል።

ይህን መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2008 ጄ2807 በሚል መለያ ያወጣው ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው፤ ሌሎቹ አምራቾች ቆየት ብለው ተከተሉ። ያንን ዳገት እየወጡ የሚፈተኑት አዳዲስ ፒክአፖች ደግሞ ከሞላ ጎደል አውቶማቲክ ናቸው። ፈተናው በረጅም ዳገትና በጠራራ ፀሐይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አውቶማቲክ መኪና ከባድ ነገር ሲጎትት የሚያሰጋው የጉልበት ማነስ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

«አውቶማቲክ ጉልበት የለውም፣ ለዳገትና ለጭነት ማኑዋል ነው» የሚለው እምነት በአዲስ አበባም በለንደንም ሥር የሰደደ ነው። ያለ መነሻም አልመጣም። የድሮዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ ነዳጅ ይበላሉ፤ ዳገት ላይ የትኛውን ማርሽ እንደሚይዙ ሲያመነቱ ሾፌሩን ያናድዱ ነበር። የመጎተት ጉልበት ግን ያኔም አላነሳቸውም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያው ካምቢዮ ከካዲላክ ሞተሮች ጋር ተጣምሮ ኤም5 የተባለውን ቀላል ታንክ አንቀሳቀሰ። 15 ቶን ገደማ ብረት በጭቃና በፍርስራሽ ላይ የነዳ ካምቢዮ አቅመ ቢስ ሊባል አይችልም።

ከቅርብ ጊዜው ደግሞ ጂፕ ግላዲያተር የተባለው ፒክአፕ አለ። በ2020 ሞዴሉ ማኑዋሉ እንዲጎትት የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት 2,040 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ አውቶማቲኩ ለመጎተት በተዘጋጀው ዓይነቱ እስከ 3,470 ኪሎ ይደርስ ነበር። ስሙም ሞተሩም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከአንድ ቶን በላይ ነው።

ምሥጢሩ ያለው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል በተቀመጠ ክብ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። ሐሳቡን ለመርከብ ተርባይኖች ብሎ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። ማኑዋል መኪና ላይ ሞተሩና ጎማው የሚገናኙት በፍሪሲዮን ነው፤ ሁለት ደረቅ ነገሮች ተፋትገው ይያያዛሉ። ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ግን በመካከል ያለው ዘይት ነው። ሞተሩ አንዱን ባለክንፍ ጎማ ሲያሽከረክረው ዘይቱ ተወርውሮ ሌላኛውን ይመታና ያዞረዋል፣ ወንዝ የውሃ ወፍጮን መዘውር እንደሚያዞረው። በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ክፍል የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ መልሶ ይልከዋል። በዚህ የተነሳ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ከሞተሩ የወጣው የማዞር ጉልበት ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ወደ ካምቢዮው ይገባል። ጉልበት በጣም የሚያስፈልገው ተሳቢ ይዞ ዳገት ላይ ሲነሱ ነው፤ ይህ ዕቃም አብዝቶ የሚሰጠው ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

ይህን የብሪታንያ ካራቫን ጎታቾች በደንብ ያውቁታል። ካራቫን አልጋ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያለው፣ ከቤተሰብ መኪና ኋላ የሚታሰር ባለጎማ ቤት ነው። አገሩም የዚህ ልማድ ምድር ነው። የመዝናኛ ካራቫን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ዊሊያም ጎርደን ስቴብልስ ከተባሉ ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪምና ደራሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 «ዋንደረር» የተባለ በሁለት ፈረስ የሚጎተት ቤት አሠርተው አገሩን ዞሩበት። የካራቫን ክበብ በ1907 ተመሠረተ። በ1919 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ኤክልስ ኩባንያ በመኪና የሚጎተቱ ካራቫኖችን ሠርቶ መሸጥ ጀመረ።

ካራቫን ወደፊት መጎተት ቀላሉ ክፍል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ማረፊያው ላይ ነው። ቤቱ በተመደበለት ቦታ ላይ በኋላ ማርሽ እየተገፋ፣ በእርጥብ ሣር ላይ፣ አንዳንዴም ሽቅብ መግባት አለበት። የማኑዋል መኪና የኋላ ማርሽ ለዚህ ዓይነት የዝግታ ሥራ ፈጣን ስለሚሆን ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ መንፏቀቅ ይገደዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ሰፈሩን ይሞላዋል። ባለ ቶርክ ኮንቨርተር አውቶማቲክ ላይ ግን የፍሬኑን ፔዳል ቀስ ብሎ መልቀቅ ይበቃል፤ መኪናው በራሱ ይንፏቀቃል። የሾፌሩ ሐሳብ መሪውና ስፖኪዮው ላይ ብቻ ይሆናል። ለጀማሪ ጎታች አውቶማቲክ የሚመከርበት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም።

ዋጋው ግን አለ። ዘይቱ ሲሽከረከርና ሲንሸራተት ይሞቃል። በደልዳላ መንገድ ላይ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ በውስጡ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ያደርጋቸዋል፤ መንሸራተቱም ሙቀቱም ይቀራል። ዳገት ላይ፣ ተሳቢ ይዞ፣ በዝግታ ሲኬድ ግን መቆለፊያው ይከፈታል። ያን ጊዜ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ከፊሉ ዘይቱን ማሞቂያ ይሆናል። የካምቢዮ ዘይት በተለመደው ጉዞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደህና ይሠራል። 120ን ሲያልፍ በፍጥነት ማርጀት ይጀምራል፤ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፤ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች መያዝ ያቅታቸዋል። ብዙውን ጊዜ አዲስ ሲሆን ቀይ የሆነው ዘይት ጠቁሮና የተቃጠለ ሽታ ይዞ ከወጣ፣ ካምቢዮው ብዙ ተሠቃይቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ለመጎተት የሚዘጋጅ መኪና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ዘይቱ በሞተሩ ራዲያተር ውስጥ አልፎ ይቀዘቅዛል፤ ከባድ ለሚጎትት ግን ከፊት ለፊት ለብቻው የቆመ ትንሽ ራዲያተር ይጨመራል። የአምራቹ መጽሐፍ «የካምቢዮ ዘይት አይቀየርም» ቢል እንኳ ለሚጎትት መኪና ይህን ቃል በቃሉ መውሰድ አይገባም። ብዙ አምራቾች ራሳቸው ለከባድ አገልግሎት ያጠረ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ይጽፋሉ፤ መጎተትም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

የሾፌሩም ድርሻ ትልቅ ነው። ዳገት ላይ ሲቆም መኪናውን በነዳጅ ፔዳል አንጠልጥሎ መያዝ ዘይቱን መቀቀል ነው፤ ለዚህ ፍሬን አለ። ሌላው በሽታ ካምቢዮው በሁለት ማርሾች መካከል ወዲያ ወዲህ ሲል የሚታየው ነው። ትንሽ ዳገት ሲመጣ ይቀንሳል፣ ትንሽ ሲለዝብ ይጨምራል፣ እንደገና ይቀንሳል። እያንዳንዱ ለውጥ ሙቀት ነው። አዳዲስ ፒክአፖች ለዚህ የመጎተቻ ቁልፍ አላቸው፤ ሲጫን ካምቢዮው ዝቅ ያለውን ማርሽ ረዘም አድርጎ ይይዛል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በብዛት የሚታዩት የቆዩ የጃፓን መኪናዎችም ያው ዘዴ በቀላሉ አላቸው። ማርሹ እጀታ ላይ ያለችው «ኦ/ዲ» የምትል ትንሽ ቁልፍ የመጨረሻውን ማርሽ ታግዳለች። ብዙ ሰው ሳይነካት ዓመታት ይነዳል፤ ሥራዋ ግን ይኸው ነው።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ አውቶማቲክ ካምቢዮ በ«ዲ» ላይ ከሆነ ነዳጅ ለመቆጠብ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ሊዘል ይችላል፤ ሞተሩም መኪናውን መያዝ ይተዋል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ተሳቢ ይዘው የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ ሽቅብ በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁል ይወረዳል። አውቶማቲክ ነጂም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ ሳለ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ በእጁ መምረጥ አለበት። ፍጥነቱ ካየለ በኋላ ካምቢዮው ትእዛዙን ላይቀበል ይችላል።

አንዳንዱ መንገድ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። በእንግሊዝ፣ በሰሜን ዮርክሸር፣ ከቲርስክ ወደ ሄልምስሊ በሚወስደው ኤ170 መንገድ ላይ ሳተን ባንክ የሚባል ቀጥ ያለ ዳገት አለ፤ በየአራት ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ይላል፣ መሐሉ ላይም ስል መታጠፊያ አለው። ካራቫን ይዞ በዚያ ማለፍ የተከለከለ ነው። መንገዱን የሚዘጉት በመሐል የሚቆሙት ናቸውና ክልከላው ተገቢ ነው።

ክብደት ከሙቀት ጋር አብሮ የሚታይ ጉዳይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለአንድ መኪና የሚሰጠው የመጎተት መጠን መኪናው ሙሉ ተሳቢውን ይዞ በ12 ከመቶ ዳገት ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ከቆመበት መነሳት በመቻሉ ይለካል። ይህ ግን መኪናው የሚችለውን ይነግራል እንጂ ሰው ደህና ሆኖ የሚነዳውን አይነግርም። የብሪታንያ ካራቫን ክበቦች ለጀማሪ የሚመክሩት የተጫነው ካራቫን ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ያልተናነሰ ክብር ግን ይገባዋል። ከዚህም ከ5 እስከ 7 ከመቶው የካራቫን ክብደት መጎተቻው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ከኋላ ከከበደ ካራቫኑ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞት ሊገለበጥ ይችላል። ያን ጊዜ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጅ ለቅቆ፣ ፍሬን ሳይረግጡ ፍጥነቱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው ያለው መድኃኒት። አውቶማቲክም ሆነ ማኑዋል ከዚህ አያድንም።

የመኪናው ሰሌዳ ላይ የተጻፉትን ክብደቶች ማንበብ ደግሞ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ሰሌዳዋ ብዙውን ጊዜ በር መቃን ላይ ወይም ከሞተሩ ክዳን ሥር ትገኛለች። ከላይ ያለው ቁጥር መኪናው ከነጭነቱ ሊደርስበት የሚችለው ክብደት ነው፤ ሁለተኛው መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ የሚፈቀድላቸው ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከሌለ ወይም ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከሆነ መኪናው ለመጎተት አልተፈቀደም።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 16 ቀን 2021 ጀምሮ በብሪታንያ ማንኛውም የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ መጎተት ይችላል፤ ፈተናውን በአውቶማቲክ ብቻ ያለፈውም በአውቶማቲክ መኪና ይጎትታል። የፍጥነቱ ወሰን በሞተርዌይ 60 ማይል፣ በመሐሉ አካፋይ በሌለው ተራ መንገድ ደግሞ 50 ማይል ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ረድፍ ባለው ሞተርዌይም በቀኝ ጫፍ ባለው ረድፍ መግባት አይፈቀድም። ፈተናው መነሳቱ ኃላፊነቱን ወደ ነጂው አዛውሮታል። ልምድ በሌለው ሰው እጅ ሦስት ቶን ተኩል ማስረከብ ከባድ ውሳኔ ነው፤ አንድ ቀን ከአስተማሪ ጋር መለማመድ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች በመጽሐፋቸው ላይ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ከሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 10 ከመቶ እንዲቀነስ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ የሚገርመው ካራቫን በኢትዮጵያ ምድር ድሮ ማለፉ ነው። የኤርስትሪም ካራቫኖች መሥራች ዋሊ ባየም እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን 41 ካራቫን አስከትሎ ተነስቶ በ1960 ካይሮ ገባ። መንገዱ በኢትዮጵያ ላይ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እንግዶቹን ተቀብለዋቸዋል። በሳሳ አየርና በዚያን ዘመን መንገድ እነዚያን የአሉሚኒየም ቤቶች ከቆላ ወደ ደጋ ማውጣት ምን ያህል እንዳለፋቸው ዳገቱን የሚያውቅ ይገምተው።

አውቶማቲክ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ያለመሆኑም መታወቅ አለበት። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያስፋፋው ባለሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ሲነዳ አውቶማቲክ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቶርክ ኮንቨርተር የለም። ፍሪሲዮኖቹን የሚረግጣቸው ኮምፒውተር ነው፤ ዳገት ላይ ካራቫን ይዞ ለረጅም ጊዜ መንፏቀቅም እንደ ማኑዋሉ ያሞቃቸዋል። በዘይት ውስጥ የተነከሩት ከደረቆቹ የተሻለ ይቋቋማሉ።

ሲ.ቪ.ቲ. የሚባለው ሌላ ነው። ማርሽ የለውም፤ በሁለት ሰፊና ጠባብ በሚሆኑ መዘውሮች መካከል ቀበቶ ይሮጣል። መኪና ላይ ያስፋፋው የሆላንዱ ዳፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በጎማ ቀበቶ የሚሠራ ትንሽ መኪና አቀረበ። ያች መኪና ወደ ኋላም ወደፊት የምትሄደውን ያህል ትፈጥን ነበርና ሆላንዶች የኋልዮሽ ውድድር ያደርጉባት ነበር። የዛሬው ቀበቶ ብረት ነው። ቢሆንም ለነዳጅ ቁጠባ እንጂ ለጭነት የተሠራ ባለመሆኑ ብዙ ባለ ሲ.ቪ.ቲ. መኪናዎች የተፈቀደላቸው የተሳቢ ክብደት ትንሽ ነው፤ ለአንዳንዶቹም ጭራሽ አልተፈቀደም። የቶዮታ ሃይብሪዶች ደግሞ ቀበቶ የላቸውም፤ ጥርስና ኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚያጣምሩት። የአውሮፓው ራቭ4 ሃይብሪድ በፊት ጎማ ብቻ ሲነዳ 800 ኪሎ፣ በአራቱም ጎማ ሲሆን 1,650 ኪሎ ይጎትታል። የመኪናውን ስም ብቻ ጠይቆ መግዛት የማይበጀው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው አሁን መልኩን ቀይሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚገቡት አዳዲስ መኪናዎች ኤሌክትሪክ ናቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ማርሽ ብቻ አላቸው። ፍሪሲዮን የለም፣ ቶርክ ኮንቨርተር የለም፤ ሞተሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ሙሉ የማዞር ጉልበቱን ይሰጣል። ተሳቢ ይዞ ዳገት ላይ ለመነሳት ከዚህ የተመቸ መኪና የለም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው አስቀድሞ ከሞላ ግን ይህ እገዛ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከአናት ላይ ሙሉ ባትሪ ይዞ መውረድ አይመከርም። ችግሩ ርቀት ነው፤ እንደ ካራቫን ሰፊና ከፍ ያለ ነገር የሚጎትት ኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ግማሽ ያህል ሊሆን ይችላል። የተፈቀደው ክብደትም እንደ መኪናው ይለያያል። ቴስላ ሞዴል ኤክስ በአውሮፓ እስከ 2,250 ኪሎ ይጎትታል፤ ፎልክስዋገን አይዲ.4 እንደ ዓይነቱ ከ1,000 እስከ 1,400 ኪሎ ነው፤ ትንንሾቹ የከተማ መኪናዎች ብዙዎቹ ምንም አልተፈቀደላቸውም። ለቻይና ገበያ የተሠራና ለአውሮፓ የተሠራ አንድ ስም ያለው መኪናም በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መንጠቆ ለማስበየድ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ገዢው የዚያችን መኪና መጽሐፍና በሯ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ማየት አለበት፤ ብየዳው መንጠቆውን ያጠነክራል እንጂ ባትሪው፣ ፍሬኑና ቻንሲው የሚችሉትን ክብደት አይጨምርም።